የደመሰስኩት ምልክት

ውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ብርድ ሲገባ የሚያስነክስዎ ያ ቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የቴኒስ ሜዳውን መዳመጫ ዛሬም ብቻዎን ነው የሚጎትቱት ወይስ ክለቡ ቆርጦ ረዳት ቀጠረልዎ? እማዬስ ሳሏ ለቀቃት? እህቴስ ከጥርስ ሐኪሙ ዘንድ የጀመረችውን ሥራ ለመደችው? አያቴስ አሁንም ሬዲዮኑን ጆሯቸው ሥር አድርገው «ዝም በሉ፣ ዜና ነው» እያሉ ቤቱን ይቆጣሉ? ሁላችሁም በጤና እንደምትሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ትከሻዬ አላመመኝም፣ ምግብም አልጎደለብኝም። እንቅልፍ ግን እምቢ ካለኝ ሦስት ቀን ሆነው።

ፖስታው ውስጥ ሦስት ወረቀት ያገኛሉ። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈችው አጭሯ ለቤቱ ሁሉ ናት፤ እህቴ እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጮክ ብላ ታንብባት፣ እማዬም ለጎረቤት ታውራ። ይህችኛዋ ግን ለእርስዎ ብቻ ናት። መነጽርዎን ይያዙና ክለቡ ያለው ዕቃ ቤትዎ ገብተው፣ በሩን ገፋ አድርገው ያንብቧት። የታሸገችው ሦስተኛዋ የማን እንደሆነች ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ቅዳሜ በስልክ «ገባሁ! ገባሁ!» ብዬ ስጮህ እርስዎ «የት?» ብለው ጠየቁኝ፤ እማዬ ግን ስልኩን ነጥቃ በደስታ ስትጮህ ጥያቄዎ ሳይመለስ ቀረ። አሁን ልመልስ። ትልቁ ውድድር በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ከፊት ያሉትን መቶ ያህል ተጫዋቾች በቀጥታ ያስገባል። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት መቶ ያህሉ በማጣሪያው ይጫወታሉ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ወደ ዋናው ያልፋል። እኔ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ነኝ። በሰፈራችን አንደኛ ነኝ፤ ሰፈራችን ግን ሰንጠረዥ አያወጣም። ታዲያ አዘጋጆቹ ከማጣሪያው ጥቂት ቦታ ለራሳቸው ያስቀሩና ደረጃው ላልደረሰ ሰው በግብዣ ይሰጣሉ። ዋይልድ ካርድ የሚባለው ይኸው ነው።

ለማን ይሰጣል ቢሉ፣ አንዷ ቦታ የነገው ኮከብ ነው ለተባለ ልጅ ትሄዳለች። ሌላዋ ድሮ ስሙ ገኖ በኋላ በጉዳት ለወደቀ። ሌላዋ ደግሞ ሁለት ፌዴሬሽኖች «የእኔን ተቀበልልኝ፣ ያንተን እቀበልልሃለሁ» ተባብለው ለሚለዋወጡት ተጫዋች። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመቴ የነገ ኮከብ አልሆን፣ ስሜ ገኖ አያውቅ፣ የሚለዋወጥብኝም የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። አንድ ዓመት ብቻ መልስ መጣልኝ፤ እሱም ላይ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነበር።

ዘንድሮ ግን አንዷ ቦታ በጨዋታ ትወሰን አሉ። በአሥር ሳምንት ውስጥ ከትናንሾቹ ውድድሮች ብዙ ነጥብ የሰበሰቡ ስምንት ሰዎች ተጠርተው እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ያሸነፈ ይገባል። እነዚያን አሥር ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኩ አልዘረዝርም። ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ሜዳ የገባሁበት፣ ካልሲዬን በሆቴል የእጅ መታጠቢያ አጥቤ እርጥቡን ያደረግኩበት ጊዜ ነው። ሰባተኛ ሆኜ ተጠራሁ። ስምንተኛው ሻምበል ነበር።

ሻምበልን በስልክ ደጋግሜ አንስቼልዎታለሁ፤ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል የተጋራን ጓደኛዬ ነው። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ሲራመድ ደረቱን ስለሚነፋ ነው እንዲህ የምንለው። የራኬት ክር መወጠሪያ ማሽን አለው፤ የራሱንም የእኔንም እሱ ይወጥራል፣ እኔ በተራዬ አበስላለሁ። ምግቤን ሲቀምስ «ክሩን አላልቼ እበቀልሃለሁ» ይለኛል። ስምንት ሆነን ስንጀምር «ከሁለታችን አንዱ ከገባ ሌላው ሻንጣ ይሸከማል» ተባብለን ነበር። ሁለታችንም ሁለት ሁለት ጊዜ አሸነፍንና ቅዳሜ ለፍጻሜ ተገናኘን።

ሜዳው ቀይ አፈር ነው። በቀይ አፈር ላይ ኳስ ምልክቷን ትታ እንደምታልፍ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ሠላሳ ዓመት ሲጠርጉት ኖረዋል። በእንዲህ ያለ ጨዋታ የመስመር ዳኛ የለም። እያንዳንዱ በራሱ በኩል ያረፈችውን ኳስ ራሱ ይፈርዳል፤ የተጠራጠረ መረቡን ተሻግሮ ምልክቱን የማየት መብት አለው። ምልክቱ ሳይታይ በእግሩ ያጠፋ ደግሞ ነጥቧን እንደሰጠ ይቆጠራል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ያኔ ራኬቱ ከእኔ ይረዝም ነበር። ለሁለት ሜዳ አንዲት ዳኛ ነበረችን፤ እሷም በዚያች ሰዓት ከጎናችን የሴቶቹን ጭቅጭቅ ልትፈታ ሄዳ ነበር።

በመጨረሻው፣ በሦስተኛው ዙር አምስት ለአራት እየመራሁ ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ቀረችኝ። አንዲት! ሻምበል ኳሷን በጎን መስመሩ ትይዩ ለቀቃት። ሮጥኩ፣ አልደረስኩባትም፣ ስታርፍ ግን ከአንድ እርምጃ ላይ አየኋት። ግማሿ ነጩ መስመር ላይ፣ ግማሿ ከውስጥ አፈሩ ላይ ነበረች። ደህና ኳስ ነበረች አባባ፤ አልተጠራጠርኩም፣ ዛሬም አልጠራጠርም። አፌ ግን «ውጪ!» አለ። ጣቴም ተነሣ። ከዚያ፣ ማን እንዳዘዘው አላውቅም፣ የቀኝ እግሬ ጫማ ምልክቱን አሸት አሸት አድርጎ አጠፋው።

ሻምበል ከመረቡ ማዶ ቆሞ አየኝ። ሕጉን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። «አጥፍተሃል፣ ነጥቧ የእኔ ናት» ቢለኝ ነጥቧን መስጠት ግዴታዬ ነበር። እሱ ግን እርግጠኛ ነህ ወይ ብቻ አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አዎ አልኩት። አንተ ካልክ በቃ ብሎ እጄን ሊጨብጥ መጣ፤ አቅፎም እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ለእርስዎ የደወልኩት ከዚያ በኋላ፣ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ነው። ስጮህ የሰማችሁት ደስታ የውሸት አልነበረም፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

እሑድ ሻምበል ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስሮ አራቱንም ራኬቶቼን ሲወጥር ዋለ። በትልቅ ሜዳ በአሮጌ ክር አይገባም አለኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳየው፣ እጁን ከሥራው ሳያነሣ ሊያቆም እንደወሰነ ነገረኝ። አገሩ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ልጆችን እንዲያሠለጥን ጠይቆት፣ እስከ ሰኞ መልስ ስጥ ብሎት ኖሯል። ቅዳሜ ካሸነፍኩ እቀጥላለሁ፣ ከተሸነፍኩ እተዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። «ሌላ ሰው አሸንፎኝ ቢሆን ዕድሜ ልኬን ይቆጨኝ ነበር፣ አንተ ስለሆንክ ግን ልቤ አረፈ፣ በንጹሕ ጨዋታ ነው ያቆምኩት» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «የመጨረሻውን ትንሽ ላላ አድርገው» የሚል ነበር። እሺ ብሎ አላላው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ውድድሩ ቢሮ ሄድኩ። አንገቷ ላይ አምስት ቁልፍ ያንጠለጠለች ሴት ተቀበለችኝ። ቦታዬን መተው እፈልጋለሁ፣ በፍጻሜው ለተሸነፈው ይሰጥልኝ አልኳት። ምክንያቱን አልተናገርኩም፤ እንደ ፈሪ ሰው በጓሮ በር ልወጣ ነው የፈለግኩት። እንዲህ ያለ አሠራር የለንም አለችኝ። አሸናፊው ከተወ ቦታዋ ወደ ኮሚቴው ትመለሳለች፤ ኮሚቴው ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሌላ የነገ ኮከብ አዘጋጅቷል፤ ስሙንም ነገረችኝ፣ ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ እኔ ብተዋት ለሻምበል አትደርሰውም። ይህን እያሰብኩ ቆሜ ሳለ ፎቶዬ ያለበትን ባጅ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና ደስ አላለህም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኛል አልኳት።

ክፍላችን ስመለስ የሻምበል አልጋ ተነጥፏል፣ ማሽኑ የለም፣ ጠረጴዛው ላይ አራቱ ራኬቶች ተደርድረዋል። ላላ ያደረገውን በቀይ ክር አስሮ ለይቶልኛል። ለትምህርት ቤቱ እሺ ብሎ ሄዷል። ያኔ ሰማይ ተደፋብኝ።

አሁን እንደ እብድ ክፍሉ ውስጥ እየተመላለስኩ የማስበውን ልንገርዎ። ያቺ ኳስ ደህና ናት ብዬ ቢሆን ኖሮ ነጥባችን እኩል ሆኖ ጨዋታው ይቀጥል ነበር፤ ከዚያም በኋላ እኔው አሸንፌ ሊሆን ይችላል። በደንብ እየመታሁ ነበር። ግን አላውቀውም፣ ከእንግዲህም አላውቀውም። ዕድሜ ልኬን የለፋሁለትን ነገር በራሴ እጅ ላገኘው ስችል ሰረቅኩት። ለሻምበል እውነቱን ብነግረው ያረፈ ልቡን መልሼ አቆስለዋለሁ፤ ሥራውንም ተቀብሏል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ባልነግረው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በእኔ ውሸት ላይ ተደግፎ ይኖራል። ሐሙስ እጫወታለሁ። ብሸነፍ የእሱን ዕድል በከንቱ አባከንኩ፤ ባሸንፍማ ይብሳል፣ በየዙሩ እሱን እየረገጥኩ ማለፌ ነው። ትናንት ትልቁን ሜዳ አሳዩን። እዚያ መስመሩን የሚፈርደው ማሽን ነው፤ ተጫዋቹን የሚጠይቀው የለም። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እኔ እፎይ አልኩ።

ታሽጋ ያገኟት ሦስተኛዋ ወረቀት ለሻምበል የጻፍኳት ናት። ሁሉንም ጽፌዋለሁ፣ ለእርስዎ ከጻፍኩት አንድም አላጎደልኩም። ዛሬ ሁለት ጊዜ ፖስታ ቤት ድረስ ይዣት ሄጄ ሁለት ጊዜ መለስኳት። አድራሻው ጀርባዋ ላይ አለ፤ ከእርስዎ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የራሴን ዕዳ በእርስዎ ትከሻ ላይ መጫኔ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። የሚቆጡኝም ከሆነ ይቆጡኝ፤ ቁጣዎን ናፍቄያለሁ።

ግን ትዝ ይልዎታል? ክለቡ ውስጥ ሁለት ሰዎች በምልክት ሲጣሉ «ሰውዬውን ጥሩልን» ይሉና እርስዎ ከዕቃ ቤቱ ይወጣሉ። በዚያ በታመመ ጉልበትዎ ጎንበስ ይላሉ። ዶክተሩም ሆነ ነጋዴው፣ የክለቡ ሊቀ መንበርም ሆነ እንግዳ፣ መዳፍዎን ወደ መሬት ከዘረጉ ኳሷ ደህና ናት፣ ጣትዎን ካነሡ ውጪ ናት፤ የሚከራከር አልነበረም። ውጤቱ ስንት ለስንት እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። ይህንንም ነገር እንዲሁ ይፍረዱልኝ። ምልክቱ የለም፣ አጥፍቼዋለሁ፤ የት እንደነበረ ግን በትክክል ነግሬዎታለሁ። የሻምበል ልቡ ያርፋል ወይስ ይቆስላል፣ ልጄ ተጎዳ ወይስ ተጠቀመ ብለው አይጠይቁ። ደብዳቤዋ መሄድ አለባት ካሉ ይላኳት። የለባትም ካሉ ያቃጥሏት፤ እኔም ያደረጉትን አልጠይቅዎትም።

የእማዬን ጉንጭ ይሳሙልኝ፤ ፎቶዬን ሳሎን ለመስቀል ምስማር እንዳትመታ፣ ገና ነው ይበሏት። ለእህቴ በጣም ናፍቃኛለች ይበሏት፤ ሰማያዊዋን ስታነብ እንደ ዜና አንባቢ እንዳታጋንናት። ለአያቴ ሰላም ይበሉልኝ፤ ስሜን በሬዲዮ እንዳይጠብቁ፣ የማጣሪያ ውጤት በዜና አይነገርም። ለክለቡ ዘበኛም ሰላምታዬ ይድረሰው። ለሻምበል ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም። እሱ ግን ስለ እርስዎ ስነግረው «አንድ ቀን አባትህ ባስተካከሉት ሜዳ ላይ እንጫወታለን» ይል ነበር፤ ደብዳቤዋን ካነበበ በኋላም ከመጣልዎ፣ ሜዳውን ደህና አድርገው ጠርገው ያስገቡት።

ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍል
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማጣሪያው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው