የእነሱ ሰው

ግንቦት 12፣ ረቡዕ፣ ማታ

መርፌ ቀቅያለሁ። ወለሉን በበረኪና አጥቤያለሁ። እጄ አሁንም ይሸታል። አለቃዬ ጋሽ ካሳሁን ከትናንት ጀምረው ደ/ታቦር ነበሩ፤ ስብሰባ። ጤ/ጣቢያው ውስጥ እኔና ዘበኛው ብቻ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ዕጩ ሆኛለሁ አሉኝ። ለብሔራዊ ሸንጎው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ስማቸው ሲጠራ ተነሥተው አልችልም ሊሉ አስበው ነበር፤ አዳራሹ በሙሉ ሲያጨበጭብ ጊዜ ግን አብረው አጨበጨቡ። በገዛ ራሳቸው ላይ።

ከእሳቸው ጋር የሚወዳደረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ደብተሬ? አያ መኩሪያ! የእኛ የጉናው ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የወንድሜ የይርጋ ሚስት አጎት። ሦስተኛም አለ ይባላል፣ ከጦር ሠራዊት። መልኩን ያየ የለም፤ የሚያወራለትም የለም።

ያሸነፈው አዲስ አበባ ሄዶ ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል። ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሚሆን እዚህ ገሳይ ውስጥ የማያውቅ የለም። ታዲያ ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሥራ ማስፈታት። ደክሞኛል።

ግንቦት 16፣ እሑድ

ቤት ወጥቼ መጣሁ። ጉና ጭጋጉን ለብሶ ነው የዋለው። አባየ ደጃፍ ላይ የገብስ ዘር ያበጥራሉ። ደኅና ናቸው። ጉልበታቸውን ሳልስም ገና፣ ያ ሰውየሽ ሊገዛን ነው አሉ፣ አሉኝ።

የትኛው ሰውዬ? ጋሽ ካሳሁን ለካ። «የእነሱ ሰው» ሆነዋል። የእነሱ ማለት የመንገድ ዳሩ ሰው፣ የገሳይ። አያ መኩሪያ ደግሞ የእኛ።

አባየ እግራቸውን መጥረቢያ የመታቸው ጊዜ ጋሽ ካሳሁን ነበሩ ያዳኗቸው። ስንት ቀን እየተመላለሱ አጠቡላቸው፣ ሰፉላቸው። ከዚያ በኋላ አባየ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ የሳቸውን ስም ሳይጠሩ አያልፉም ነበር። ዛሬ ይህንን ባነሣ፣ እግሬን ያዳነው ጠበሉ ነው አሉ። እንዲያውም የሰውየው መድኃኒት አቆይቶብኝ ነበር አሉ። ሲዋሹ አይደለም እኮ። እውነት እንደዚያ ትዝ ይላቸዋል። ያስደነገጠኝ ይኼ ነው።

ይርጋ የባሰ አመጣ። ጋሽ ካሳሁን ልጆቹን ሚዛን ላይ የሚያወጡት ለብሔራዊ ውትድርና የሚበቃውን ለመለየት ነው ይባላል። እኔ ነኝ እኮ ሚዛኑ አጠገብ የምቆመው! የከሳ ሕፃን ለመለየት ነው አልኩት። ላንቺ እንደዚያ ብለውሽ ይሆናል አለኝ። በሐዘኔታ ነው ያለኝ፤ እንደ ሞኝ እያየ።

ግንቦት 19፣ ረቡዕ

ከላይ ከጉና የመጣ በሽተኛ የለም። ትናንትም አልነበረም። ጋሽ ካሳሁን በር ላይ ወጥተው መንገዱን ያያሉ፣ ይገባሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ።

ማታ የቤት አከራዬ እትዬ ዘውድነሽ ስለ አያ መኩሪያ ታወራለች። በድርቁ ጊዜ የመጣውን የእርዳታ ስንዴ ሸጦ በቅሎ ገዛ አለች። በቅሎዋን አማቻቸው እንደሰጧቸው አውቃለሁ፤ የልጃቸው ሰርግ ላይ ነበርኩ። አፌን ከፍቼ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቼ ዘጋሁት። ያን አውሬ የሚመርጥ ምን ዓይነት ሰው ነው አለች፤ ከዚያ ትዝ አላትና፣ አንቺን ማለቴ አይደለም የኔ ልጅ አለችኝ።

እናቴ ስትሞት ቃሬዛዋን ከተሸከሙት አንዱ አያ መኩሪያ ናቸው። ግን አሁን ተኝቼ ምን አስባለሁ? ያኔ ስንዴው ለእኛ ቤት ለምን አነሰ እላለሁ። ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም። ተጋባብኝ።

ግንቦት 25፣ ማክሰኞ

አያ መኩሪያን ድልድዩ ጋ አገኘኋቸው። ከበቅሎ ወርደው ሰላም አሉኝ። ከስተዋል። ከጋሽ ካሳሁን ጋር ደ/ታቦር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር ያሳደሯቸው፣ በዚያ በስብሰባው ሰሞን። ጠላ አብረው ጠጥተዋል። ማናችንም ብንሆን ምን እናመጣለን ተባብለው ስቀዋል። ጨዋ ሰው ነው አሉኝ።

እና ይኼን ለሰዉ ለምን አይነግሩም አልኳቸው።

«ነግሬ ነበር» አሉ። «ፈርቶ ነው አሉኝ። እኛ እኮ ተስማምተናል፣ ስመኝ። ያልተስማማው ሕዝቡ ነው።»

በቅሎዋ ላይ ሲወጡ እርዳታ ፈለጉ። ድሮ እንዲህ አልነበሩም።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ

ይርጋ መጣ። ጤ/ጣቢያው ግቢ አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አስጠራኝ። አባየ ታመዋል። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ይቃዣሉ። ጎረቤትም ሁለት ሰው ተኝቷል። እንደነገረኝ ከሆነ ተስቦ ነው። ቅማሉ፣ ብርዱ፣ አንድ ጋቢ ለሦስት ሰው።

ጋሽ ካሳሁን ወዲያው ቦርሳቸውን አነሡ። ይርጋ መሬት መሬት እያየ፣ እርስዎ ባይመጡ ይሻላል አለ። ቦርሳውን አስቀመጡ። መድኃኒቱን በየስንት ሰዓቱ እንደምሰጥ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ድምፃቸው ደኅና ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መደርደሪያውን ሲያስተካክሉ ግን ብዙ ቆዩ።

ግንቦት 30፣ እሑድ፣ ጰራቅሊጦስ

አባየ እንደ ፍም ይፋጃሉ። ደረታቸው ላይ ሽፍታ። አወቁኝ። ደስ አላቸው። ኪኒኑን ሳወጣ ግን ዓይናቸው ተለወጠ።

«የማን ነው?»

የጤና ጣቢያው ነው አልኩ። መዋሸት እችል ነበር። ከደ/ታቦር ገዛሁት ብል ማን ያውቃል? አልመጣልኝም።

አልወስድም አሉ። ለመንኩ። አለቀስኩ። በሩ ላይ ጎረቤቶች ቆመዋል፣ ወደ ውስጥ ያያሉ። የነፍስ አባታቸው ሳይቀሩ፣ ይውሰዱ እንጂ፣ መድኃኒትም የእግዜር ነው አሏቸው። አባየ እጃቸውን ይዘው ቀስ ብለው አስረዷቸው፣ እንደ ጤነኛ ሰው። የእሱን መድኃኒት ከወሰድኩ ወደነሱ ዞረ እባላለሁ። እኔስ ልሂድ፣ ይርጋ እዚህ ይኖራል፤ እሳት የሚሰጠው ያጣል። ምርጫው ይለፍ። ከሚመጣው እሑድ በኋላ እወስዳለሁ።

ከሚመጣው እሑድ በኋላ! ተስቦ ቀጠሮ የሚያከብር ይመስል።

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

ትናንት አያ መኩሪያ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ዛሬ ጠዋት መጡ።

መደቡ ላይ ከአባየ ጎን ተቀመጡ። ቤቱ ሞልቷል። አያ መኩሪያ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ አንድ ኪኒን ሰጠኋቸው። ሁሉም እያየ ዋጡት። ውኃ ጠጡበት። አፋቸውን ከፍተው አሳዩ።

«አየህ? የካሳሁን መድኃኒት ነው። እኔ ዋጥኩት። አሁን አንተም ዋጥ።»

አባየ አዩአቸው። እንባቸው መጣ። አይዞህ መኩሪያ አሉ፤ አስገድደውህ ነው፣ ገብቶኛል። እኔ ግን አላሳፍርህም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አያ መኩሪያ ሲወጡ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። የአክብሮት አልነበረም። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ፦ ገዝተውታል፣ ስንት ሰጥተውት ይሆን። እንግዲህ የራሳቸውን ሰውም አጡት ማለት ነው። ቢሆንም ይመርጡታል። እነዚያ እንዳያሸንፉ ብቻ።

ሰኔ 3፣ ረቡዕ

አደረግሁት። ካፕሱሉን ፈታሁ፣ ዱቄቱን አጥሚት ውስጥ በማር ለወስኩት። ማንም አላየኝም። ራሳቸውን ደግፌ አጎረስኳቸው። አንዴ ዋጡ። ሁለተኛው ላይ ቆሙ። ይመራል።

አልጮኹም። ምላሳቸው ደርቆ፣ በቀስታ፦

«ስመኝ። አንቺም ከእነሱ ነሽ?»

አባየ እኔ ልጅዎ ነኝ አልኩ። አፋቸውን ገጠሙት። ከዚያ ወዲህ ውኃም ከእጄ አይቀበሉም። የይርጋ ሚስት ብቻ ታጎርሳቸዋለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

ማታ ማታ ይቃዣሉ። በቅዠታቸው የሚጠሩት እኔን ነው። ነቅተው ሲያዩኝ ጋቢውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ።

ሰኔ 6፣ ቅዳሜ

አባየ አረፉ። ከሰዓት በኋላ። ዝናብ እየጣለ።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

ሰኔ 7፣ እሑድ

ጠዋት ቀበርናቸው። በማለዳ ይሁን ተባለ፤ ሰዉ ምርጫ መሄድ አለበት። ፍትሐቱ ቸኮለ። አልቃሾቹም ቸኮሉ።

ጋሽ ካሳሁን መጡ። ብቻቸውን፣ በእግራቸው፣ በጭቃ፣ ከገሳይ ድረስ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አልገቡም። ከአጥሩ ውጭ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። አንድም ሰው እግዜር ይስጥልን አላላቸውም። የቀብር ነገር ነው እኮ! ለጠላትም ይባላል። ኋላ አያ መኩሪያ ከመሀል ወጡ፣ ሄደው አጠገባቸው ቆሙ። ሁለቱ ዕጩዎች፣ ትከሻ ለትከሻ። ሰዉ እያየ አላየም።

አፈሩ ሳይደርቅ ሁሉም ወደ ምርጫው ቤት ወረደ። ከሐዘን ልብሳቸው ጋር። እኔ መቃብሩ ጋ ቀረሁ። የተመዘገብኩት ገሳይ ነው። ገሳይ አልሄድኩም።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ

አያ መኩሪያ አሸነፉ። ጉና ላይ እልል ተብሏል አሉ። ገሳይ ላይ እትዬ ዘውድነሽ ስድቡን ለቀቀችው፤ ሹመት ሁሉ ለአውሬ ሆነ አለች። እኔ ሐዘን ላይ መሆኔን ረስታው ነው። ጋሽ ካሳሁን መሸነፋቸውን ሲሰሙ፣ ተመስገን ብለው ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉ። ያለቀ መስሏቸው ነበር። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከላይ ዛሬም በሽተኛ አልመጣም።

የተባለው ምርጫው እስኪያልፍ ነበር፤ አልፏል። ጥላቻው ግን አላለፈም። ካሳሁን ቂም ይዞብናል፣ አሁን ይበቀለናል ይላሉ። ቂም የያዘው ማን እንደሆነ ይጠፋቸዋል።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ጋሽ ካሳሁን ዝውውር እንደጠየቁ ነገሩኝ። የትም ቢሆን አሉ። እኔም አሰብኩ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ማንም አባቴን የማያውቅበት። ማመልከቻ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ሁለት መስመር። ሰረዝኩት፣ ደግሞ ጻፍኩት።

ላይ ጉና ደግሞ ሁለት ቀብር። ሁለቱም ተስቦ።

ሰኔ 16፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ይርጋ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ። ሚስቱ ታማለች። እንደ አባየ። ያንኑ ትኩሳት፣ ያንኑ ራስ ምታት።

መድኃኒቱን በጨርቅ ቋጥረሽ ስጪኝ አለኝ። ማንም አያውቅም። እኔ ራሴ አጥሚት ውስጥ እደባልቅላታለሁ። የሚለምን ዓይን ነበረው። እጄ መደርደሪያው ላይ ደርሶ ነበር፣ ደብተሬ።

ከዚያ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። አይሆንም አልኩት። ተደብቆ አይሰጥም። አንዴ ሞክሬዋለሁ፤ አባየ እኔን ጠልተው ነው የሞቱት።

ይርጋ ተቆጣ። ሚስቴን ልትገዪ ነው አለኝ። አይደለም አልኩት። ጋሽ ካሳሁንን ይዤ ነው የምወጣው፣ ከእኔ ኋላ ሳይሆን ከጎኔ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደሩ መሀል። አያ መኩሪያም ይምጡ፤ እሄድና እጠራቸዋለሁ። የታመመ ቤት ሁሉ እንገባለን። እምቢ የሚለን በሩን ዘግቶ እምቢ ይበለን።

ድንጋይ ይወረውሩባችኋል አለ። ይወርውሩ አልኩ። ሳልፈራ አይደለም የምለው፤ አሁን ስጽፍም እፈራለሁ።

ጋሽ ካሳሁን ከውስጥ ሰምተዋል። ቦርሳቸውን ከመንጠቆው አወረዱ፤ ከፍተው ኪኒኑን እየጨመሩ ነው። ይርጋ እስካሁን አልሄደም። አጥሩን ይዞ ቆሟል፣ ይገባ እንደሆነ አይገባ እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

አሁን የግቢውን በር ገፋው። እየገባ ነው፣ ልነሣ