የስንዴ ሥዕል ስላለበት ብስኩትና ስለ ተበላሸው ሁዳዴዬ

ለክቡር ባላምባራስ ዋቅወያ ጉሉማ
የከተማችን የታሸጉ ምግቦች ንጽሕና ሹም
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን፣ በተለይም የሆድዎንና የጥርስዎን ደኅንነት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። እኔ የችሎት ጸሐፊው ሀብተጊዮርጊስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሕሊናዬ በቀር የሚያመኝ የለም። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌና በባኬ ጃማ ሰፈር በረዲ ሱቅ በር ላይ ከማስታወቂያዎ ጎን መለጠፌ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝ ምስጋና በጓዳ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ በአጭሩ ላስረዳ። ባለሱቁ ረዲ ጉራጌ ነው፤ የማንንም ሃይማኖት ሳይነካ ሁሉንም ደንበኛ የሚያከብር ጨዋ ነጋዴ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣለት የታሸገ ብስኩት ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ በአንደኛው ወረቀት ላይ የስንዴ ዛላ፣ በሌላኛው ላይ ላም ተሥላለች። ጽሑፉ የፈረንጅ ስለሆነ ረዲም እኛም ሥዕሉን አይተን ተስማማን፤ ላሟ የፍስክ፣ ስንዴው የጾም ተባለ። ሁዳዴ ሲገባ ላሟ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ትወጣለች፣ ስንዴው ወርዶ ከሽሮውና ከኑግ ዘይቱ ጎን ይቀመጣል። እኛ ጿሚዎቹ ስንዴውን፣ እንደ ጎረቤቴ እንደ ኦቦ ነመራ ያሉት የሚስዮን አማኞች ደግሞ ላሟን እየበላን፣ ማንም ማንንም ሳያስቀይም በሰላም እንኖር ነበር።

ከዚያ እርስዎ ተሾሙ።

ትናንት ያስለጠፉት ማስታወቂያ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አስተማሪ ጠርተው ወረቀቱን እንዳስነበቡ፣ ስንዴ የተሣለበት ብስኩት ቅቤና የወተት ዱቄት እንዳለበት፣ ላሟ ግን የፋብሪካው ምልክት ብቻ እንደሆነችና ብስኩቷ በአትክልት ዘይት እንደተሠራ ይገልጻል። እንግዲህ ከዚህ የተነሣ የደረሰብኝን በተራ በተራ አመለክታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጊዜው። ሁዳዴ ሲጀምር ቢነግሩን እንተወው ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ቢነግሩን ደግሞ ስቀን እናልፈው ነበር። ክቡርነትዎ ግን ቅቤውን ጠግበን ከበላን በኋላ፣ ለንስሐ የማይበቃ ለጭንቀት ግን የሚተርፍ ጊዜ ሲቀረን፣ በሰሙነ ሕማማት አበሠሩን። ለዚህ ጥንቃቄዎ ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ተወሰደብኝ ደስታ። ከዳኛው ጋር በአውቶቡስ ስዞር የምኖር ሰው ስለሆንኩ አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሲሬ ላይ አውቶቡሱ ገና ቆሞ ሳያበቃ ሴቶቹ በመስኮት የሚያቀብሉት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ኦቾሎኒ አለ፤ ጨዉ ስለሚበዛ ጣቴን ሳልልስ አልተወውም። ኡኬ ላይ ጥርስ የሚያጠቁር የኑግ ጭብጦ አለ፤ እሱን በልቶ ዳኛ ፊት መሳቅ አይቻልም። እነዚህ ግን የአገር ናቸው፣ ማን ቆልቶ ማን እንደወቀጣቸው ይታወቃል። የታሸገው ሌላ ነው። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ገና ምራቄ ይሞላል፤ ጥርስ ሲነካው ቀርጨጭ ይላል፣ ሻይ ሲነካው ወዲያው ይልማል፤ ከዚያ ምላስ ላይ የሚቀር አንድ ነገር ነበረው፣ እኔም የፈረንጅ ስንዴ እንዴት ያለ ነው እያልኩ አደንቅ ነበር። ለካስ ቅቤ ኖሯል። አይ እኔ!

እንዲያውም አንድ ቀን የድንበር ክርክር ሲሰማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ስላለፈ ጾሜን ፈትቼ ከመሳቢያዬ አንዷን አፌ ውስጥ ጣል ባደርግ፣ ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው አይጥ ገብቷል ወይ ብለው ጠየቁ። እኔም ቀና ሳልል ሳይገባ አይቀርም ብዬ መለስኩ። ከማስታወቂያዎ ወዲህ ይህ ጨዋታ አያስቀኝም።

ይባስ ብሎ ዛሬ ጠዋት ኦቦ ነመራ፣ ሌላ ጊዜ አካም ቡልቴ ሳይል የማያልፍ ሰው፣ ሰላምታውን ረስቶ በአጥር በኩል እየሳቀ መጣና፣ ሥጋውን ተወውና በብስኩት በኩል ከሆነ ዘንድሮ ሁዳዴን የጾምኩት እኔ፣ የገደፍከው አንተ ነህ አለኝ። እውነቱን ነው። ዕድሜ ለክቡርነትዎ፣ የሚስዮን ሰው በጾም በለጠኝ።

ሦስተኛ። ይህን ለመጻፍ እጄ ስለከበደኝ ትንሽ ይታገሡኝ።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ። ብዙ አላውቅም፣ ቅቤና ወተት የሚሉትን ቃላት ግን አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ሁዳዴውን ሙሉ የብስኩቱን ወረቀት ገልብጬ አላየሁም፤ ስከፍተውም ሁልጊዜ ከጽሑፉ በኩል እቀደው ነበር። ለራሴ ብቻ ቢሆን ግድ የለም፣ ሆዳም ነኝ፣ እኔና ፈጣሪ እንነጋገራለን። የሚያቃጥለኝ የእማማ ዘርፈሽ ነገር ነው።

እማማ ዘርፈሽ የባለቤቴ የምንትዋብ እናት ናቸው። ጥርሳቸው አልቋል፤ ቆሎ አይሆንላቸው፣ ዳቦ ቆሎ አይሆንላቸው። በጾሙ ሲደክሙ አይቼ፣ በሻይ እየነከሩ እንዲበሉ ብዬ ስንዴውን ገዛሁላቸው። በመጀመሪያው ቀን ብስኩቱን በእጃቸው ይዘው፣ አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህና እውነት የጾም ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ እማማ ስንዴውን አያዩትም እንዴ አልኳቸው። ልብ ይበሉ ክቡር ሆይ፣ እሳቸው የጠየቁኝ ፊደሉን ነው፣ እኔ ያሳየኋቸው ሥዕሉን ነው።

እሳቸው ቆራቢ ናቸው። ለፋሲካ ሌሊት ነጠላቸውን አሳጥበው ከአልጋቸው ራስጌ ሰቅለውታል። ዝም ብል በእኔ ውሸት ቅቤ በልተው ወደ ቅዱስ ቁርባን ሊቀርቡ ነው፤ ብነግራቸው ደግሞ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን ሊያመልጣቸው ነው። ፊደል ስለማያውቁ ማስታወቂያዎን አያነቡትም፤ ነገር ግን የገበያው ወሬ እግር አለው። ስለዚህ እስከ ፋሲካ ማግሥት ድረስ ያ ወረቀት ከረዲ በር ላይ ተነሥቶ እንዲቆይልኝ ከጉልበትዎ ሥር ተደፍቼ እለምናለሁ።

አራተኛ፣

አራተኛውን ልጀምር ስል እማማ ዘርፈሽ ከጓዳ ወጡና ፊትህ እንዲህ ጠቁሮ የምትጽፈው ምንድን ነው አሉኝ። ዛሬስ ውሸቱ አልመጣልኝ አለ። እስከዚህ ያለውን ሁሉ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

አልተቆጡም። ይህን ሁሉ ቀለም ከምትጨርስ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቅቤ ሲያነጥሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የመጀመሪያዋን ብስኩት እንደቀመሱ ነው ያወቁት። በማግሥቱ ለነፍስ አባታቸው ተናዝዘው፣ ቀኖና ተቀብለው፣ ስግደት ታዝዘዋል። ከዚያ ወዲያ ያመጣሁላቸውን ብስኩት አንዷንም አልነኩም፤ ለፋሲካ ብለው በሙዳያቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። የኔን ጉድ ምን እንዳደረጉት ስጠይቃቸው፣ ያንተንማ ካህኑን ለምኜ እኔው ወሰድኩት፣ ሁዳዴውን ሙሉ የሁለታችንንም እየሰገድኩ ነው አሉኝ።

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያሉ ጠብቀውኝ ነው። ደግሞም ስትበላው ደስ ይልህ ነበር አሉ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጾም ጉልበቴን ጉልበቴን ሲሉ ሰምቼ፣ እርጅና መስሎኝ፣ ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ቅባት ገዝቼላቸው ነበር። ቅባቱን በአንድ ኪሴ፣ ብስኩቱን በሌላው ኪሴ ይዤ ነው የገባሁት። እያሸሁላቸው እንኳ አፌ ውስጥ ብስኩት ነበረ። አፈርኩ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

ስለዚህ ሦስተኛውን ልመናዬን አንሥቻለሁ። ማስታወቂያዎ እንደተለጠፈ ይቆይ፤ እንዲያውም ጎላ ተደርጎ ይጻፍ። ነገ ስቅለት ነው፣ ከእማማ ዘርፈሽ ጎን ቆሜ የራሴን እሰግዳለሁ። እሳቸው እንዲቀመጡልኝ ለምኜ ነበር፤ የጀመርኩትን አልተውም ብለው እምቢ አሉኝ።

የከተማችንን ሆድ በፈረንጅ ፊደል ለመረመሩ፣ እኛ በሥዕል ያመንነውን በቃል ላፈረሱብን፣ ከቅቤ የበለጠ የሚሰነብት እውነት ላቀመሱን ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የማይነቅዝ ጥርስ እየተመኘሁ፣ መሳቢያውን ባዶ ያደረገ ታዛዥ አገልጋይዎ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ሀብተጊዮርጊስ
የችሎት ጸሐፊ
ጸሎተ ሐሙስ፣ ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስሄድ ረዲ አንድ ነገር ሹክ አለኝ። የቤትዎ ወጥ ሠሪ ወለቴ፣ ሁዳዴውን ሙሉ ለክቡርነትዎ የጾም ብላ የምትወስደውን ባለስንዴውን ብስኩት፣ ዛሬ ጠዋትም ማስታወቂያዎ ከተለጠፈበት በር ገብታ እንደ ወትሮዋ ወስዳለች። ጌታዬ እንዳይጎድልባቸው ብላለች አሉ። እኔስ ሳላውቅ የሚሰግዱልኝ አሮጊት ነበሩኝ፤ የክቡርነትዎን ቀኖና የሚሰግድልዎ ማን ይሆን?