«አሁን የለም» የምትለዋ ምልክት

ውድ ኦልማን፣

ገልብጠህ መጨረሻውን አስቀድመህ እንዳታነብ! አውቅሃለሁ። መጀመሪያ ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጉልበታቸው ተሽሏቸው መራመድ እንደጀመሩ ስሰማ ደስ አለኝ።

እሳቸውን ልታስታምም ወደ ሊሞን ስትሄድ በምን ጭንቅ ላይ እንደተውከን ታስታውሳለህ። የቱሪያልባ አይብ ሠሪዎች ማኅበር በኮምፒውተር የሚሞሉትን ቅጾቻችንን ካልተቀበለ አለቃችን ዶኛ ፍሎሪ ቢሯቸውን ሊዘጉ፣ እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሳን ሆሴ ሥራ ፍለጋ ልሄድ ነበር። ተራራዬን ትቼ! ያን ሳስብ እህል አልበላ ይለኝ ነበር።

ስም የሚጻፍበትን፣ ቀን የሚመረጥበትን፣ ፊርማ የሚቀመጥበትን ቁራጭ አንዴ ሠርተን በየቅጹ ስንገጥም ሁሉም በሰላም አለፈ። አድራሻ ላይ ስንደርስ ግን አንተ ግትር አልክ። «መነሻ፣ ስንት ሜትር፣ ወደ የት፤ በቃ!» ደግሞ ከመነሻው አጠገብ «አሁን የለም» የምትል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ጨመርክ። ዶኛ ፍሎሪ ሳቁብህ።

«አንተ ልጅ፣ የሌለ ነገር ደግሞ ምን ተብሎ ይመዘገባል?»

«ዶኛ፣ እርስዎ ራስዎ ቤትዎን ሲያመለክቱ ከበለሱ ዛፍ ይላሉ። ዛፉ ሲቆረጥ እኔ ገና አልተወለድኩም!»

አልሰሙህም። በሄድክ ማግስት ከውጭ የተገዛውን፣ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የሚጠይቀውን ቁራጭ አስገጠሙኝ፤ እኛ ዘንድ መንገዱ ስም፣ ቤቱ ቁጥር የሌለው ሆኖ ሳለ! ተከራከርኩ፤ ግን አለቃ አለቃ ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አይብ ሠሪዎቹ በአዳራሻቸው ኮምፒውተር ፊት ተደርድረው የአይብ ማመላለሻ ማዘዣውን መሙላት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ ዶን ኤቬሊዮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ የቤት ቁጥር አምጣ ይለኛል። ቤቴ እስረኛ ነው እንዴ ቁጥር የሚሰጠው?»

ከዚያ ግን ሁሉም ሞልተው ጨረሱ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ጉዱ የፈላው የአይቡ መኪና ሾፌር የአድራሻ ዝርዝሩን ሲያወጣ ነው። የግማሹ ሰው የቤት ቁጥር መቶ፣ የቀረው ሁለት መቶ! ለካ ሁሉም የጻፈው ቤቱ ከመነሻው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ነው።

«ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ቤት ነው እንዴ የሚያድረው?» አለ ሾፌሩ። «አልጋው እንዴት በቃችሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዶኛ ፍሎሪ ብቻ አልሳቁም፤ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ዶን ኤቬሊዮ ያልተፈረመውን ውል ማጠፍ ጀመሩ።

«ዶን ኤቬሊዮ፣ አንድ ብርጭቆ ትኩስ የሸንኮራ አጉዋ ዱልሴ እስኪጠጡ ብቻ ይታገሱኝ» አልኩና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

ያንተን ቁራጭ መች ጣልኳት! የተገዛውን አውጥቼ አንድ ቦታ ላይ ስገጥማት በየቅጹ ሁሉ ገባች፤ በማዘዣው፣ በፈቃድ ማመልከቻው፣ በአቤቱታው። ይሄን ብለን አልነበር የደከምነው?

ሽማግሌው እንደገና ሞከሩ። ከድሮው ሲኒማ ቤት፣ ሁለት መቶ ሜትር፣ ወደ ደቡብ። ከዚያ ምልክቷን አዩና ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«አሁን የለም!» ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። «የፈረሰውንም አስባችሁልናል? እኔ እኮ ሚስቴን ያገኘኋት እዚያ በር ላይ ነው!»

ምልክቷን ነክተው ተነሡና አቀፉኝ። ከዚያ ውሉን ዘርግተው ፈረሙ። ኦልማን፣ ቢሮው አይዘጋም! እኔም የትም አልሄድም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዶኛ ፍሎሪ ለሁላችንም የበቆሎ ቂጣ፣ ቾሬያዳ፣ ከነክሬሙ ጋበዙንና «ያ ግትር ልጅ እዚህ ቢኖር ጆሮውን ቆንጥጬ እስመው ነበር» አሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት አዲስ ሠራተኛ መጣች። ማተሚያው የት እንደሆነ ስትጠይቅ ዶኛ ፍሎሪ ቀና እንኳ ሳይሉ ምን ቢሏት ጥሩ ነው?

«ኦልማን ከነበረበት አምስት ሜትር፣ ወደ መስኮቱ።»

ልጅቷ ግራ ገባትና ወደ እኔ ዞረች። «ኦልማን ማነው?»

«አሁን የለም» አልኳት። ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ።

ወንበርህ ላይ ማንም አልተቀመጠም። እናትህ ሲጠነክሩ ና፤ ምልክቷን በገዛ እጄ አነሳልሃለሁ።

ማሪዬሎስ
ከበለሱ ዛፍ መቶ ሜትር ወደ ሰሜን