የወጥ ቤቱን ወታደር ደብዳቤ ላሳመሩት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሠፈራችን ጀግኖች መታሰቢያ ዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ፤ በተለይም ጉሮሮዎ። ባለፈው ቅዳሜ ፊልሙን ለሙከራ ባሳያችሁን ጊዜ፣ ፊልሙ አርባ ደቂቃ ሆኖ ሳለ የእርስዎ የመክፈቻ ንግግር ሃምሳ አምስት ስለ ፈጀ ከልቤ ሰግቼልዎት ነበር።

እኔ ከካምፑ ጀርባ ባሉት የረድፍ ቤቶች የምኖር፣ ሟች ባሌ የጦሩ ሹፌር የነበረ ሴት ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ እጽፋለሁ። ማንበብም ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት አይደለም፤ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ ከነበረው የቀለብ ዝርዝር፣ ከ«ዘይት» እና ከ«ሳሙና»፣ ፊደል በፊደል የለቀምኩት ነው። ምስጋናዬን በቁጥር ማስፈሬም ከዚያው ዝርዝር የቀረልኝ ልማድ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ የቤቶቻችንን ግድግዳ ስላስቀባችሁልን አመሰግናለሁ። የተቀባው ካሜራው የሚያየው ጎን ብቻ ስለሆነ፣ በጀርባ በኩል እንደ ቀድሞው በተፈጥሮ ውበታችን ቀጥለናል።

ሁለተኛ፣ የካሜራ ባለሙያዎ ላሳየኝ ትዕግሥት። የባሌን ፎቶግራፍ ይዤ ሳለቅስ መብራቱ አልተስተካከለም ነበርና፣ «እማማ፣ እስቲ እንደገና ከመጀመሪያው ያልቅሱልኝ፤ ፎቶውን ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ» እያለ ሦስት ጊዜ አስለቀሰኝ። በሦስተኛው ያለቀስኩት ለራሴ ነው። ፊልሙ ውስጥ የገባውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል። እኛ እርስዎን እንደ ታገስን ይታገሱኝ።

የልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ባል የጦሩ ወጥ ሠሪ ነበር፤ የተመታውም ድስት ተሸክሞ ወደ ምሽግ ሲወጣ ነው። እናንተ መትረየስ ተኳሽ አደረጋችሁት። ሰው ማብላት ጀግንነት አይደለም ካላችሁ ይሁን፤ ብቻ እርስዎ ራስዎ ቅዳሜ ዕለት ከግብዣው ጠረጴዛ አጠገብ ምን ያህል ጸንተው እንደ ተዋጉ አይቻለሁ። ከዚያ ያ ባለወፍራም ድምፅ ተራኪ ሰውየው ከሆስፒታል የላከውን ደብዳቤ አነበበ፦ «እግሬ ቢቆረጥም ወኔዬ አልተቆረጠም። ግዳጄ ከቤቴ ይበልጣልና እኔን ብለሽ አትምጪ።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጎረቤቴ ግን ክንዴን ጨብጣ፣ «አንቺ፣ እግሩ መቼ ነው የተቆረጠው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈራው ኖሬአለሁ። እሷ ማንበብ ስለማትችል ያን ጊዜ ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። ከወለደች ገና አምስተኛ ቀኗ ነበር፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ አሁን አትምጪ» የሚል ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩላት። ጠና ስትል እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን መርዶው መጣ። አፌ ተሳሰረ፤ ወረቀቱንም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ኮሚቴዎ ደብዳቤ ሲሰበስብ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። እኔ መናገር ያቃተኝን እናንተ በትልቁ ሸራ ላይ ታነቡልኛላችሁ ብዬ ነው። ክቡር ሰብሳቢ፣ ተማክረን የማናውቅ እርስዎና እኔ በአንድ ሟች አፍ ውስጥ አንድ ቃል አስገባን፦ አትምጪ። እኔ ለአራሷ ብዬ ነው፤ እሱም ይቅርታ የለውም። እርስዎ ለጭብጨባ ብለው ነው፤ ያ ደግሞ የምስክር ወረቀት አለው።

ሰውየው የጻፈውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «አንቺዬ፣ አንድ እግሬን ከጉልበቴ በታች ቆረጡት። ፈርቻለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ እዚህ ነኝ። ወልደሽ ከሆነ ልጁን ይዘሽ ነይ። እባክሽ ነይ። ካልመጣሽ ጎዶሎ ሰው አልፈለገችም ብዬ እረዳለሁ፤ አልቀየምሽም።»

ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን ይህንኑ ነገርኳት። ብትመታኝ በወደድኩ።

«ነይ ብሎኝ ነበር?» አለች።

ብሎሻል አልኳት።

«ስንቴ?»

ሁለቴ አልኳት። ተነሥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ በሬን አላንኳኳችም። ትናንት በልጇ በኩል የላከችብኝ ቃል ይህ ብቻ ነው፦ «ወረቀቱን አስመልሽልኝ። ያንቺን አፍ ከእንግዲህ አላምንም፤ ልጄ ታነብልኛለች።»

እውነቷን ነው። እኔም ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላለስኩ፤ ጸሐፊዎም ደብዳቤው አሁን የመታሰቢያ ክፍሉ ንብረት መሆኑን ሦስት ጊዜ በፈገግታ አስረዱኝ። ስለዚህ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ እለምንዎታለሁ፦ ፊልሙ ከመመረቁ በፊት ወረቀቱን በእኔ ሳይሆን በእሷ እጅ ያስረክቡ፤ የተራኪውንም ፈጠራ ያስወጡ። ሟቹ ሁለት ውሸታም ይበዛበታል።

ሰፊ ደረትዎንና ገና የሚደረደርለትን ሜዳሊያ ሁሉ ከወዲሁ እያደነቅሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

የሟች ሹፌር ሚስት

ማስታወሻ፦ እናትና ልጅ ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ይመጣሉ። ወረቀቱ ጠፍቶ ከሆነ እባክዎ አይጥ በልቶታል አይበሏቸው። ልጅቷ በሰባት ዓመቷ የአባቷን ደብዳቤ ስትጠይቀኝ እሱን እኔ ብያታለሁ።