ሮቤል ያስተካከለው ድምፅ

ሰኞ

አጠፋሁት። በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ከትምህርት ቤት መጥቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ የሙዚቃ ማጫወቻው ድምፅ ማስተካከያ፣ ኢኳላይዘሩ ላይ ያሉት አሥሩ ቁልፎች በሙሉ መሃል ላይ ናቸው። ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፈ ተማሪ ቀጥ ብለዋል። ሮቤል ያስተካከለው የለም። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። የለም።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ወንድሜ ሮቤል መኪና ገጭቶት ከሞተ ወር አልሞላውም። ድንኳኑ ፈርሷል፣ የዕድሩ ወንበር ተመልሷል፣ ፍራሾቹ ግን እስካሁን ሳሎን መሬት ላይ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ነጠላ ለብሷል። እማዬ "ሙት ዓመቱ እስኪወጣ እዚህ ቤት ዘፈን እንዳልሰማ" ብላለች። ስለዚህ ትናንት ከሰዓት እንግዶቹ ሳሎን ሲያወሩ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ በኤርፎን ሰማሁ። ሮቤል ደግሞ ድምፁን ያስተካከለው ለሁለቱ ስፒከሮች ነው፣ ለዚህች ክፍል። በኤርፎን ሲሰማ ቀጫጭኑ ድምፅ ጆሮ ይወጋል። ለአሁን ብቻ ብዬ ሁሉንም ወደ መሃል መለስኩ። ስዘጋው የሆነ ነገር ጠየቀኝ፣ ሳላነብ እሺ አልኩት። ሮቤል ያስተካከለው ላይ ደርቦ ጻፈበት።

ዘፈኖቹ አሉ። አንድም አልጠፋም። የጠፋው ዘፈኖቹ የሚሰሙበት መንገድ ነው። ይሄን ለማን ይነገራል? የሮቤልን ፎቶ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ይዞታል። ያንን ድምፅ ግን ማንም የለውም። ከትምህርት ቤት ስመጣ ገና ከአጥሩ በር ላይ እሰማውና ቤት እንዳለ አውቅ ነበር።

የማስታውሰው፦
ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ ነበር፣ በጣም።
መጨረሻ ያሉት፣ የቀጭኑ ድምፅ ቁልፎች፣ ከፍ ያሉ።
መሃል አካባቢ አንዷ ብቻዋን ወደ ታች ወርዳ ነበር። የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም።

በጆሮዬ ፈልጌ ልመልሰው እችላለሁ። ግን በስፒከር መሆን አለበት፣ በስፒከር ደግሞ ዓመት ሙሉ አይቻልም። እስከዚያ ጆሮዬ ይረሳዋል። አሁንም እየረሳው ነው።

ማክሰኞ

ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል። አስተማሪዎቹም። የማይቀንሰው በረከት ብቻ ነው።

"ምን ሆነሃል ዛሬ?"

"የሮቤልን ሴቲንግ አጠፋሁት። የኢኳላይዘሩን።"

"ታዲያ ከተዘጋጁት 'ሮክ' የሚለው ላይ አድርገውና ተገላገል።"

ከዚያ ፊቴን አየ። "እሺ በቃ፣ ቀለድኩ። የተጣሉ ፋይሎች ውስጥ ፈልገሃል?"

ፈልጌያለሁ። ቤት ስገባ እንደገና ፈለግኩ። አልተጣለም እኮ፣ ተጽፎበት ነው።

ስፈልግ ግን የሮቤልን ፎልደሮች አገኘሁ። አንዱ "ዮኒ አትንካ" ይላል። ውስጡ ሌላ አለ፣ "ይሄንንም አትንካ"። ከውስጡ ደግሞ ሌላ፣ "አሁንም እየነካህ ነው አይደል"። የመጨረሻው ባዶ ነው። ሳቄ መጣ። ሳሎን እንግዶች ስላሉ ትራሱ ላይ ፊቴን ቀብሬ ሳቅኩ። ሰምተው ከሆነ እያለቀሰ ነው ብለው ይሆናል። እሱም ውሸት አይደለም።

ረቡዕ

ዛሬ ተያዝኩ።

ጋሼ ተፈራ የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከደብረ ብርሃን ለለቅሶ መጥተው፣ አርባው ሳይወጣ አልሄድም ብለው የሮቤል አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። አልጋው ከወንበሬ ጋር ይነካካል። ከሰዓት ተኝተዋል ብዬ ኤርፎኑን ሰካሁ። ያቺን ወደ ታች የወረደችውን ቁልፍ እየፈለግኩ አንዷን ዝቅ፣ ሌላዋን ዝቅ አደርጋለሁ። በኤርፎን ምንም አይገባኝም። ሁሉም ያው ነው።

ድንገት ኤርፎኑ ከአንዱ ጆሮዬ ተነቀለ። ጋሼ ተፈራ ኤርፎኑን ወስደው ራሳቸው ጆሮ ውስጥ ከተቱት።

"ሒሳብ እየሠራህ መስሎኝ! ዘፈን ነው እንዴ ይሄ?"

"ጋሼ፣ ዘፈኑን አይደለም የምሰማው፣ ድምፁን እያስተካከልኩ…"

"ድምፅ የሌለው ዘፈን ደግሞ የት አለ? አፈሩ ሳይደርቅ! የወንድምህ አፈሩ ሳይደርቅ!"

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። እንድትቆጣ ጠበቅኩ። ኤርፎኑን ነቀለች፣ ሽቦውን ጣቷ ላይ ጠቀለለችና የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ወጣች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ልነግራት አስቤ ነበር። "ሮቤል የሠራው ነገር ነበር፣ አጠፋሁት፣ ልመልሰው ነው።" ከጥቁር ልብሷ ጋር ፊቷን ሳየው ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ቀረ።

ሐሙስ

መብራት የለም። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ለቅሶ ደራሾች መጡ። "አይዞህ፣ አሁን የቤቱ ወንድ ልጅ አንተ ነህ" አሉኝ። ሻይ አዞርኩ፣ ብርጭቆ አጠብኩ። ወጣ ልበል ስል "የት?" መኝታ ቤት ልግባ ስል "ከሰው ጋር ተቀመጥ እንጂ።" ተቀመጥኩ።

የዘፈኖቹን መግቢያ በልቤ ለመስማት ሞከርኩ። ዜማው ይመጣል። ድምፁ አይመጣም።

ዓርብ

በረከት "የኛ ቤት ሙት ዓመት የለበትም" አለኝ። ሁለቱን ስፒከሮች ደብተር አስመስዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ዘፈኖቹን በፍላሽ ያዝኩ። ከትምህርት በኋላ ከዊንጌት ሰፈር በእግራችን ወደነሱ ኮንዶሚኒየም ሄድን። ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ስፒከሮቹን የበረከት ኮምፒውተር ላይ ሰካን። ሮቤል ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስፒከር ሰማሁ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። በረከት መስኮቱን የሚያይ መሰለ፣ ደህና ልጅ ነው።

ከዚያ መሥራት ጀመርን። ቤዙን ዝቅ ሳደርገው ዘፈኑ ሞተ። ቀጭኑን ከፍ ሳደርገው ግድግዳው አስተጋባ፣ ሲሚንቶ ነዋ። ታላቅ እህቱ ከሳሎን ጮኸች፦

"በረከት! ምንድነው እንደ ጎሚስታ የሚጮኸው? እያጠናሁ ነው!"

"እኛም እያጠናን ነው!"

"ምን?"

"ድምፅ!"

ሳይመሽ ነገሩ ገባኝ። ሮቤል ያስተካከለው ዘፈኑን ብቻ አልነበረም። የኛ ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ኮርኒሱ ደግሞ በቀጭን እንጨት የተያዘ፣ የሆነ ኖታ ሲመጣ ዝዝዝ የሚል። ያቺ ብቻዋን የወረደችው ቁልፍ ለኮርኒሱ ነበረች። ኮርኒሱ በሌለበት እንዴት አገኛታለሁ? ያ ድምፅ ከቤታችን ሊወጣ አይችልም። እኔም እዚያው የጀመርኩበት ነኝ።

ስፒከሮቹን ስጠቀልል በረከት አንገቱን እያከከ፣ "እ… መዝሙር ለምን አትከፍትም? መዝሙር ማን ይከለክልሃል?"

"ለኢኳላይዘር ብዬ መዝሙር?"

"እግዜር ኢኳላይዘር ይጠላል ያለህ ማነው?"

ቅዳሜ

ብዙ ነው የምጽፈው። በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ከሰዓት ስፒከሮቹን ሰክቼ አንድ የቆየ የንስሐ መዝሙር ከፈትኩ፣ ዝቅ አድርጌ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ለሰው መዝሙር፣ ለኔ ሥራ። አንዷን ቁልፍ እንኳ ሳልነካ እማዬ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጋሼ ተፈራ፣ "እንዲህ ነው እንጂ ልጄ!" እያሉ። ከዚያ የጎን ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። እማዬ ማልቀስ ጀመረች። እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ። እናትህ እያለቀሰች ቤዝ ይቀነሳል?

አባዬ ከወርክሾፑ ገባና በሩ ላይ ቆመ። የብረት መቁረጫው ጩኸት ጆሮውን ጎድቶታል፣ ወፍራሙን ድምፅ እንጂ ቀጭኑን አይሰማም፣ "ስ" እና "ፍ" ያመልጡታል። እንዳልሰማ አይናገርም። ታክሲ ውስጥም፣ ሐኪም ጋም፣ ራሱን ነቅንቆ "ይሰማኛል" ነው የሚለው። ዛሬ ግን ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘንብሎ፦

"ምን እያለ ነው?"

"መዝሙር ነው አባዬ።"

"መዝሙር መሆኑንማ አወቅኩ። ቃሉ። ሮቤል ሲከፍተው ቃሉ ይሰማኝ ነበር።"

ያኔ ተናገርኩ። ሁሉንም። ሮቤል ያስተካከለውን እንዳጠፋሁት፣ በኤርፎን ልመልሰው እየሞከርኩ እንደነበር፣ ለዚያ ብዬ መዝሙር እንደከፈትኩ። ጋሼ ተፈራ "ምኑን ነው ያጠፋው? ኮምፒውተሩን?" አሉ።

ቀድመው የተናገሩት እትዬ ዘነቡ ናቸው።

"አይ ሮቤል! አንድ ቀን ዘፈኑ ግድግዳዬን ሲመታው ሰሃኖቼ መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ። ሄጄ ጮህኩበት። ይሰድበኛል ስል፣ ተከትሎኝ ቤቴ ገባና መዳፉን ግድግዳዬ ላይ ለጠፈ። 'እትዬ፣ ሰሃኑ ሲቆም ይንገሩኝ' አለኝ። እሱ ከኔ ቤት ሆኖ 'ዝቅ! ዝቅ!' እያለ ይጮሃል፣ ከወዲህ ደግሞ አንድ ሰው ይቀንስለታል።"

"እኔ ነኝ" አለች እማዬ።

ሁላችንም አየናት።

"እኔ ነኝ የቀነስኩለት። ያን አይጥ የምትሉትን አስይዞኝ ሄደ። አንዷን ስነካ ሌላዋ ትሄድብኝ ነበር።" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተነሣች። "ተነሥ እስቲ።"

"ምን?"

"ተነሥ ከወንበሩ። አንተ ከእትዬ ዘነቡ ጋር ቤታቸው ሂድ።"

ሄድኩ። መዳፌን ግድግዳቸው ላይ ለጠፍኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው፣ ውስጡ ግን እማዬ ከፍ ያደረገችው መዝሙር ይመታል። "ዝቅ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ሮቤልን መሰለኝ፣ ወይም እንዲመስል ፈለግኩ። "ዝቅ አድርጊው እማ! ትንሽ!" እትዬ ዘነቡ ሰሃኖቹን ያያሉ። "ቆመ!" አሉ። ቆመ። ግድግዳው እጄ ላይ ጸጥ አለ።

ስመለስ ጋሼ ተፈራ አልጋው ላይ ቆመዋል፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሁለት እጃቸውን ኮርኒሱ ላይ ዘርግተው።

"እዚህ ጋ ዝዝዝ ይላል! ይቺን ቀንሽ! አይ፣ አይደለችም፣ መልሻት። ቀጣይዋን። እሷ! እሷን አትልቀቂያት!"

አምስተኛዋ ነበረች። በኤርፎን ዓመት ሙሉ ብፈልጋት አላገኛትም ነበር።

መጨረሻ ላይ አባዬ። እማዬ የመጨረሻዎቹን ቁልፎች ቀስ እያለች ከፍ አደረገች፣ እሱ እጁን እያነሣ። እጁ ቆመ። እማዬም ቆመች።

ሰማን። መዝሙሩ አልቆ እንደገና ጀመረ።

"የሱ ነው" አለ አባዬ።

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። "ይመስላል። የሱ ግን አይደለም።"

ሴቭ አደረግኩት። ጥያቄው ሲመጣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከፍና ዝቅ ያሉትን ቁልፎች በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለበረከት ላክሁለት። "ይሄማ እባብ ነው" ብሎ መለሰልኝ።

እሑድ

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኤርፎኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ለትምህርትህ ነው" አለች። መዝሙር ይቻላል፣ ዘፈን ግን እስከ ሙት ዓመቱ አሁንም የለም። ልለምናት አስቤ ተውኩት።

ስለዚህ እርግጠኛ አይደለሁም። ሮቤል በመዝሙር አልነበረም የሚያስተካክለው፣ በዘፈኖቹ ነበር። የኛው ትክክል መሆኑን የማውቀው እነሱን በስፒከር ስሰማ ነው፣ እሱም ገና ነው። ከአባዬና ከእማዬ ማን እንደተሳሳተ አላውቅም። አባዬ ደግሞ መቼም አልሰማሁም አይልም። ትናንት "የሱ ነው" ያለው እማዬን ለማጽናናት ቢሆንስ? ጧት ከነቃሁ ጀምሮ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው።

ከምሳ በኋላ ጋሼ ተፈራ ሳሎን ሲያንቀላፉ አባዬ መኝታ ቤት ገባ።

"ያቺን የትናንቷን ክፈትልኝ።"

ከፈትኩለት። የሮቤል አልጋ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ።

"ቃሉ ይሰማሃል?" አልኩት።

"ይሰማኛል።"

እንደ ሁልጊዜው ራሱን ነቀነቀ። ታክሲ ውስጥ እንደሚነቀንቀው። ማውሱን ይዤ፣ እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቁልፎች ቀስ ብዬ ወደ መሃል አወረድኳቸው። ለኔ ድምፁ ትንሽ ነው የደበዘዘው። መዝሙሩ ቀጠለ።

አባዬ ዓይኑን ከፈተ።

"የት ሄደ?"

"ምኑ?"

"ቃሉ ነዋ። አሁን እዚህ አልነበረም?"

ሦስቱን ቁልፎች መለስኳቸው፣ አንድ በአንድ።

"መጣ" አለ አባዬ።