የጎደለችው ጎዝ

ሐሙስ ጠዋት፣ ጥር 14 ቀን
ከፓርኩ ድንኳን

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ፤

እንዴት ነህ ሆዴ? ቁርስ ሳትቀምስ እንደምትወጣ አውቃለሁ። እባክህ ለጨጓራህ እዘንለት። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተውኩልህ ሾርባ እስካሁን ካለ ግን እንዳትነካው፤ ድፋው።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስልህ ለአፍ ወግ አይደለም። እንቅልፍ ያለ ክኒን መጣልኝ። ትናንት እንኳ የሸሚዜን ቁልፍ ስተክል ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ውስጥ ገባልኝ። ጠዋት ጠዋት ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጬ የሜዳ አህዮች ሲግጡ አያለሁ። ቀጭኔ ውሃ ለመጠጣት እግሯን አንፈራጥጣ ስትጎነበስ ያየሁ ቀን ደግሞ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ስስቅ ከሰማኸኝ ሁለት ወር አልፎሃል። «ጫካው ያክምሻል፣ ሂጂ» ብለህ በግድ ስታሳፍረኝ ተናድጄብህ ነበር፤ ልክ ነበርክ። ጭንቅላቴ ጠርቷል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሲጠራ ሁሉንም ነገር አስታወስኩ።

ከፎጣዬ ሥር የሸጎጥክልኝን ወረቀት አግኝቼዋለሁ። ሰኞ ለሆስፒታሉ አጣሪ ኮሚቴ የምሰጠውን ቃል አንተው ጽፈህልኛል። «የደም መጥረጊያ ጎዞቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሙሉ ሆነው አግኝቻለሁ። ጥቅሉ ከፋብሪካው አንድ ትርፍ ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል።» ከጥጉ ላይ ደግሞ «ገልብጠሽ ፈርሚበት» ይላል። ሐኪም ሆነህ ጽሑፍህ እንዲህ ሲነበብ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

ያን ቀን አንተ ለልብስ ሰፊዋ ቀዶ ጥገና ስታደርግ፣ እኔም ነርስ ሆኜ ሳቀብልህ የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ሃያ ጎዝ ይዘን ጀመርን፤ እጄ ላይ የተመለሰው አሥራ ዘጠኝ ነው። «አንድ ጎድሏል፣ እንደገና ልቁጠር» አልኩህ። «ወለሉ ላይ ትኖራለች፤ የሴትየዋ የደም ግፊት እየወረደ ነው፣ ሆዷን እዘጋለሁ» አልከኝ። ግፊቷ መውረዱ እውነት ነው፤ በእሱ አልወቅስህም። ከዘጋህ በኋላ ግን ወለሉን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣናት። «ኤክስሬይ ትነሳ» ስልህ «ነገ» አልክ፤ በማግስቱም ሳናስነሳት ቀረን። እኔም ቅጹ ላይ «ሙሉ» ብዬ ፈረምኩ። ልብስ ሰፊዋ በአሥራ አንደኛው ቀን በትኩሳት ነድዳ ስትመለስ፣ ጎዟን ሌላ ሐኪም ከሆዷ አወጣት፤ ከአንጀቷም ቆርጦ። እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ናት። «አጋጣሚ ነው» ተብላ አምናለች።

አሁን ደግሞ እዚህ የገጠመኝን ስማ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አራዊት ልናይ በመኪና ወጣን፤ ዘጠኝ እንግዶች ነን። መኪናውን የሚነዳው አስጎብኚያችን አፉን በከፈተ ቁጥር «ቀስ በሉ» ስለሚል ስሙን ቀስበሉ ብለነዋል፤ ወዶታል። ወንዙ ዳር ሻይ ልንጠጣ ወረድን። የፓርኩ በር ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለሚዘጋ ተጣድፈን ተሳፈርን። ቀስበሉ ዞር ብሎ «ሞልታችኋል?» ሲል አንድ የባንክ ሠራተኛ ከኋላ «ሞልተናል፣ ንዳው!» አለው። እኔ በልማዴ በሆዴ ቆጥሬ ነበር፤ ስምንት ነን። አብረውን ያሉት ጡረተኛ መምህርት የሉም። ኮፍያቸውና ብርድ ልብሳቸው መቀመጫቸው ላይ ስለተከመሩ ከፊት ላየ ሰው የተቀመጡ ይመስላሉ።

ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? ዝም አልኩ። «ተሳስቼ ይሆናል፣ እሱ ከእኔ ያውቃል» ብዬ። መኪናው ተነስቶ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጮህኩ።

«አቁም! ሰው ጎድሏል!»

«ኧረ እህቴ፣ ሙሉ ነን፤ ይመሻል» አለኝ የባንኩ ሰው።

«ሙሉ አይደለንም! ቆጥሬያለሁ እኮ!»

ስንመለስ መምህርቷ ከቁጥቋጦው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ወለም ብሏቸው መቆም አልቻሉም። በእኛና በእሳቸው መካከል የጎሽ መንጋ ገብቷል፤ ትልቁ ወንድ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ እሳቸው ዞሯል። ቀስበሉ በሹክሹክታ «ማንም እንዳይተነፍስ» አለና መኪናውን በጎን በኩል በጣም በዝግታ ማስጠጋት ጀመረ። ጎሹ አንድ እርምጃ ሲራመድ እሱ ይቆማል፤ ጎሹ ሲቆም ይነዳል። ላብ በጀርባዬ ወረደ። በመጨረሻ መኪናው በመካከላቸው ሲገባ በሩን ከፍቼ በብብታቸው ይዤ ጎተትኳቸው። ጎሹ ጎማውን በቀንዱ መታው፤ መኪናው ተናጠ፤ ቀስበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጥነት ነዳ።

«ፈርተው ነበር?» አልኳቸው።

«ፈርቼማ ነበር የኔ ልጅ። ግን ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል አንድ የሚቆጥር አይጠፋም ብዬ ተጽናናሁ።»

ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ የደነገጥኩ መሰለው። እኔ ግን የማስበው ልብስ ሰፊዋን ነበር፤ ማደንዘዣው ሳይወስዳት እጄን ይዛ «አደራሽን» ያለችኝን።

ወረቀትህን ቀድጄዋለሁ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ጎዟ ጎድላ እንደነበር፣ ነግሬህ እንደዘጋህ፣ እኔም እያወቅሁ በሐሰት እንደፈረምኩ እናገራለሁ። የሙያ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ፤ የአንተንም እንዲሁ። ስንት ሰው ከሞት እንደመለስክ ከጎንህ ቆሜ አይቻለሁ። ብትቆጣ አልፈርድብህም።

ደብዳቤውን ዛሬ ወደ ከተማ የሚወርደው የካምፑ ሾፌር ያመጣልሃል፤ ነገ እጅህ ይገባል። አስቀድሜ የላክሁት ሁለት ቀን እንዲኖርህ ብዬ ነው። ሄደህ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥና ራስህ ንገራት። ከእኔ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ለእሷም ላንተም ይሻላል። ከነገርካት እሁድ መናኸሪያ መጥተህ ተቀበለኝ። ካልነገርካት አትምጣ፤ ወደ እህቴ ቤት እሄዳለሁ።

ፈጣሪ ልብህን ያበርታው፤ እጅህንም ለሥራህ ያቆይልህ።

አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ላይ ይገባል። በግራ በኩል፣ መስኮቱ አጠገብ ነኝ።

ሚስትህ