ምርቃቱን እስከ ፋሲካ ያቆዩልኝ

ሳክሲ፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ እትዬ ዓለምጌጥ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። በስልክ ያልነገርኩዎት፣ እርስዎ በመሀል «እሰይ» ብለው ነገሩን ስለሚያበላሹብኝ ነው። ደብዳቤውን ነገ ወደዚያ የምትሄደው ታደለች ታደርስልኛለች።

ሲላስ የሚባል ልጅ ልጄን እስከዳርን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። ዳላስ ውስጥ ታክሲ ይነዳል፤ ጴንጤ ነው። በእኔ በኩል ቅር የሚለኝ ነገር የለም። የሚጥል በሽታዋንም ያውቃል። ባለፈው ጸደይ ዴንተን ከተማ ሥራ ቦታዋ ስትወድቅ ከመሬት ያነሳት እሱ ነው። ይህን ለሽማግሌዎቹ እንኳ አልነገራቸውም።

ችግሩ ወዲህ ነው። መድኃኒቷ የሚገዛው በእኔ የጤና ኢንሹራንስ ነው። መሥሪያ ቤቴ ያደገ ልጅ በአባቱ ኢንሹራንስ እንዲቆይ የሚፈቅደው ሃያ አምስት ዓመት እስኪሞላው ነው፤ ያውም ካላገባ። እስከዳር ገና ሃያ ሦስት ናት፤ ያገባች ዕለት ግን ትወጣለች። የምትሠራበት የሕፃናት ማቆያ ኢንሹራንስ አይሰጥም። በግሏ ልግዛ ብትል ደግሞ የታመመ ሰው አይፈልጉም።

ይህንን ስነግራት «አባዬ፣ ዶንት ወሪ፣ ማለቴ፣ ሜዲስኑን አንዳንዴ ስኪፕ እያደረግኩ ማኔጅ አደርጋለሁ» አለችኝ። ያኔም የወደቀችው ስኪፕ አድርጋ፣ መድኃኒቷን ሳትወስድ ቀርታ ነበር። ፈራሁ እትዬ። ለሲላስ እንዳልነግረውም በእናታችን ስም አስማለችኝ። «ስለኔ ሜዲስን ስትሬስ እያደረገ፣ እየተጨነቀ እንዲያገባኝ አልፈልግም» ትላለች። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ እርስዎ ያውቃሉ።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አቶ ክፍሉ ናቸው። መጀመሪያ ሲመጡ «እስቲ እንመካከር፣ ተመለሱ» አልኳቸው። ወጉ ነውና ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሁለተኛም ተመለሱ አልኩ፤ ልጁን የሚያከብር አባት ተባልኩ። በሦስተኛው ግን አቶ ክፍሉ በር ላይ ጫማቸውን እያሰሩ፣ «አቶ ግዛቸው፣ እዚህ ድረስ ድራይቭ ማድረጉ አይደለም የከበደን። ጴንጤ ስለሆንን ከሆነ በግልጽ ይንገሩን» አሉኝ። አሳዘኑኝ። እውነቱን እንዳልናገር የልጄን በሽታ አደባባይ ማውጣት ሆነብኝ።

ስለዚህ ዋሸሁ። «ያሳደጉኝ እህቴ አገር ቤት አሉ፤ እሳቸው ሳይመርቁ በቤታችን ልጅ አይዳርም» አልኩ። እንዲህ ያለ ሥርዓት በቤታችን ኖሮ አያውቅም፤ እኔን ራሴን ሲድሩኝ ማንን ጠየቁ? አቶ ክፍሉ ግን ተመልሰው ቁጭ አሉ። «ታዲያ ስልካቸውን ይስጡን» አሉ። ሰጠኋቸው፤ ምን ላድርግ።

በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ከሲላስ ጋር ሆነው ይደውሉልዎታል። እባክዎን አይመርቁት። ዘሩን ይጠይቁት፤ የአያቱን የትውልድ ቀዬ ይጠይቁት፤ ከዚያ «ዘመድ ላማክር» ብለው ያቆዩት። ደግሞ ሲደውል መስመሩ አልሰማ ይበልዎት። ልጁ የአውቶቡስ ሹፌርነት ተፈትኖ አልፏል፤ ጥር ላይ ይጀምራል፤ ከፋሲካ በፊት ለሚስትም የሚሆን ኢንሹራንስ ያገኛል። እስከዚያ ክፉዋ እርስዎ ይሁኑልኝ። እዚህ ያለው ክፋት እኔ ላይ ሞልቷል፤ ሽማግሌ መላሽ ተብዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሰው ቀንሷል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። ድምፁን ሲሰሙ ይወዱታል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ሲደፋ ገብቶ እራት እንዲበላ ልጠራው እየፈለግኩ በሩን እዘጋለሁ። እርስዎም ጨክነው ይዝጉበት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን፣ ለብቻዎ ሲሆኑ፣ የሁለቱንም ስም ጠርተው ይመርቋቸው። ያን የእኔ መሥሪያ ቤት አይሰማውም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪ ወንድምዎ
ግዛቸው